ሚኒሞ አልይዝ ያለ ቮልስ፦ ካርቡሬተሩን ከመነካካትዎ በፊት

ሞተሩ ጠዋት ይነሳል። እግር ነዳጅ መስጫው ላይ እስካለ ድረስም ይሠራል። እግር ሲነሳ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ተርገፍግፎ ቀጥ ይላል። መብራት ላይ በቀኝ እግራቸው ጣት ፍሬን፣ በዚያው እግር ተረከዝ ነዳጅ ረግጠው አረንጓዴ የሚጠብቁ የአሮጌ ቮልስ ባለቤቶች ይህን ጠባይ ያውቁታል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ካቻቢቴ ይመጣና የካርቡሬተሩ ብሎን ይጠመዘዛል። ሞተሩ ከፍ ብሎ ይጮሃል፣ መጥፋቱን ይተዋል፣ ባለቤቱም ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል፤ በዚህኛው ዙር ግን «ቤንዚን በላብኝ» የሚል ተጨማሪ አቤቱታ ይዞ ነው።

ብሎኑ ቀድሞ የሚነካው እጅ ስለሚደርስበት ነው። ሚኒሞ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ የሚዞርበት ሁኔታ ሲበላሽ፣ ጥፋቱ እሳት በሚሰጠው ክፍል ላይ መሆኑ በጣም የተለመደ ነው። በአየር በሚቀዘቅዘው የቮልስ ሞተር ላይ ትክክለኛው የሥራ ተራ ቫልቭ፣ ፑንቲና (ለብልጭታው ኤሌክትሪኩን የምትዘጋና የምትከፍት ትንሽ መገናኛ)፣ ታይሚንግ (ብልጭታው የሚወጣበት ጊዜ)፣ በመጨረሻም ካርቡሬተር ነው። ተራው የሚጠበቅበት ምክንያት አለው። የፑንቲናው ክፍተት ሲለወጥ ታይሚንጉ አብሮ ይለወጣል፤ ታይሚንጉ ሲለወጥ የሞተሩ ዙር ይለወጣል። መጨረሻ ላይ ያለውን መጀመሪያ ያስተካከለ ሰው ሥራውን ሁሉ እንደገና ሊሠራው ነው።

እዚህ የሚጠቀሱት ልኬቶች ባለ 12 ቮልቱንና በፑንቲና የሚሠራውን ቢትል፣ ማለትም የተለመደውን ቮልስ፣ የሚመለከቱ ናቸው። ፋብሪካው በአብዛኛው ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት የተሻገረው በ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው። ላዳም ሆነ ፊያት 124 ቢሆን የምርመራው አካሄድ ያው ነው፤ ቁጥሩ ግን ይለያል። ለምሳሌ የቮልሱ ሲሊንደሮች እሳት የሚያገኙት በ1፣ 4፣ 3፣ 2 ተራ ሲሆን የላዳው ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው።

ለመሆኑ ጥፋቱ ለምን ሚኒሞ ላይ ይብሳል? እግር ሲነሳ የካርቡሬተሩ በር ሊዘጋ ምንም አይቀረውም። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ጥቂት ነው፤ ከቀደመው ፍንዳታ የቀረ የተቃጠለ ጭስም ይቀላቀልበታል። ርጥብ ማገዶን በአንድ ክብሪት እንደ ማቀጣጠል ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር አንድ ሲሊንደር ቢስት እንኳ የቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ግፊት ተሸክሞት ያልፋል። በደቂቃ 850 ዙር ላይ ግን የሚሸከም ግፊት የለም። በዚህ ዝቅተኛ ዙር እንኳ አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በሰከንድ 28 ያህል ብልጭታ ይፈልጋል፤ እያንዳንዷ የጠፋች ብልጭታ በመሪው ላይ በንቅናቄ ትታወቃለች።

ብልጭታው የሚወለድበት መንገድ አጭር ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ተነስቶ በቁልፉ በኩል ቦቢናው (ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ጥቅል ሽቦ) ላይ ወዳለው 15 ቁጥር ይገባል፤ በ1 ቁጥር ወጥቶ ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ በሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ባለችው ፑንቲና በኩል ወደ ሞተሩ ብረት ይወርዳል። ፑንቲናዋ ተዘግታ ሳለ ቦቢናው ማግኔት ይሆናል። ስትከፈት ማግኔቱ ባንድ ጊዜ ይፈርሳል፤ ከዚያ ፍርሰት በአሥር ሺህ የሚቆጠር ቮልት ይወጣና በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ በሚዞረው ሮተርና በክዳኑ አልፎ ተራው ወደ ደረሰው ካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታውን ወደሚያወጣው) ይሄዳል። ከፑንቲናዋ ጎን ያለው ኮንደንሰር ሥራው ሁለት ነው፤ ፑንቲናዋ ስትከፈት ራሷ ላይ እንዳታብለጨልጭ ይጠብቃታል፣ የማግኔቱንም ፍርሰት ያፈጥነዋል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። መኪናው ሚኒሞ አልይዝ ሲል ቦቢና የሚገዛ ሰው ሞልቷል። የደከመ ቦቢና ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጋለጠው ዳገት ላይ ነው። ነዳጅ ሙሉ ሲረገጥ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ድብልቅ ይበዛል፤ በታመቀ ድብልቅ መካከል ለመዝለል ብልጭታው ከፍ ያለ ቮልት ይጠይቃል። ስለዚህ እንጦጦን ሲወጣ እያስነጠሰ የሚያስቸግር መኪና ቦቢናውን፣ የካንዴላ ገመዶቹንና ክፍተቱ የሰፋ ካንዴላን ያስጠረጥራል። ዳገቱን በጤና ወጥቶ ከላይ ሲደርስ የሚጠፋ መኪና ግን በሽታው ሌላ ነው፤ ፑንቲና፣ ታይሚንግ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ሾልኮ የሚገባ አየር ወይም የተዘጋ የሚኒሞ ቀዳዳ ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንዲት ሽቦ ትታይ። በኋለኞቹ የሶሌክስ ካርቡሬተሮች ጎን ላይ አውራ ጣት የምታክል፣ አንድ ሽቦ የተሰካባት ክብ ቫልቭ አለች። ቁልፉ ሲጠፋ የሚኒሞውን የቤንዚን መንገድ ትዘጋለች፤ ቁልፉ ሲከፈት ከቦቢናው 15 ቁጥር ኤሌክትሪክ አግኝታ ትከፍተዋለች። ሽቦዋ ከተነቀለች ወይም ጫፏ ከዛገ፣ ሞተሩ ነዳጅ ሲረገጥ እንደ ልቡ ይሮጣል፣ እግር እንደተነሳ ግን ያለምንም ማንገራገር ጸጥ ይላል። ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱ፤ ሽቦዋን ይንቀሉና መልሰው ይሰኩ። በእያንዳንዱ ጊዜ ጠቅ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ጠቅ ካላለች ሽቦዋ ጫፍ ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን በሙከራ አምፖል ይዩ፤ ኤሌክትሪክ እየደረሰ ዝም ካለች ቫልቭዋ ሞታለች። ጠቅ እያለች ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ የሚኒሞው ቀዳዳ በቆሻሻ ተደፍኖ ይሆናል፤ ተፈቶ በአየር ግፊት ይነፋል። በሽቦ አይጎረጎር፤ ጠባቡ ልኬቱ ይበላሻል።

መጥፋቱ እንዲህ ድንገተኛ ሳይሆን በንቅናቄ ከሆነ አንዱ ሲሊንደር ሥራ ፈትቷል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ገመዶቹን ተራ በተራ መንቀል ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን የቤንዚን ቱቦዎቹን ይመርምሩ፤ የተሰነጠቀ ወይም የሚያረጥብ ቱቦ ካለ ሥራው እዚያው ይቁም፣ ቱቦው ይቀየር። ብልጭታና የሚንጠባጠብ ቤንዚን በአንድ የሞተር ክፍል ውስጥ አይገናኙም። ማርሹ ገለልተኛ፣ የእጅ ፍሬኑ የተያዘ፣ ልብስ ከቺንጋው የራቀ ይሁን። ሞተሩ እንዳይጠፋ ዙሩን ለጊዜው ወደ 1,200 ከፍ ያድርጉና እጀታው በጎማ በተሸፈነ ፒንሳ አንዱን የካንዴላ ገመድ ይንቀሉ። ዙሩ ከወረደ ያ ሲሊንደር ጤነኛ ነው። ምንም ካልተለወጠ ጥፋተኛውን አገኙት። የተነቀለው ገመድ ጫፍ ወደ ሞተሩ ብረት ይጠጋ፤ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ብልጭታው መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ወይም ቦቢናውን ሊበሳ ይችላል።

በቮልስ 1ኛና 2ኛ ሲሊንደሮች በቀኝ፣ 3ኛና 4ኛ በግራ ናቸው፤ 1ኛና 3ኛ ወደ መኪናው ፊት የቀረቡት ናቸው። በአንድ ወገን ያሉ ሁለቱ አብረው ከደከሙ እሳቱን ለጊዜው ይተዉትና ወደዚያ ወገን የሚሄደውን የድብልቅ መግቢያ ቱቦ ጋስኬት ይጠርጥሩ። አንድ ብቻ ከሆነ ካንዴላውን ከጤነኛው ሲሊንደር ካንዴላ ጋር ያለዋውጡ። በሽታው ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው። ካልሄደ ገመዶቹን በተመሳሳይ መንገድ ይፈትኗቸው።

የወጣውን ካንዴላ ሳይጠርጉ ይዩት። ሥራው የሠመረለት ካንዴላ ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። በቤንዚን የረጠበ ካንዴላ ብልጭታ አላገኘም። እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ የደረቀ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ጥቁሩ ቅባት ከሆነ ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። አዲስ አበባ ላይ የደረቀ ጥቁር ካንዴላ መብዛቱ አያስገርምም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ለቆላ ተለክቶ የመጣ ካርቡሬተር እዚህ አየሩ አንሶበት ቤንዚን ያበዛል። ጥቀርሻው ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ብልጭታው ክፍተቱን ከመዝለል ይልቅ በጥቀርሻው ላይ ሾልኮ ይጠፋል። በተቃራኒው ለአዲስ አበባ ብቻ ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት መኪና መተሐራ ሲወርድ ቤንዚን አንሶት ይግላል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ይህን አይወድም። የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ይሁን።

አሁን ወደ ፑንቲና። አብዛኛው የሚኒሞ ችግር የሚገኘው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ቢወሰድበት ይገባል። የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን በሁለት መቆለፊያ ሽቦዎች የተያዘ ነው፤ ሮተሩ ወደ ላይ ተስቦ ይወጣል። ከሥሩ አራት ጎን ያለው ዘንግና እሱን የምትታከክ ትንሽ የፕላስቲክ ተረከዝ ይታያሉ። ዘንጉ በዞረ ቁጥር ማዕዘኑ ተረከዟን ይገፋና ፑንቲናዋን ይከፍታል። ያቺ ተረከዝ በየቀኑ በጥቂቱ ታልቃለች። ስታልቅ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናዋ ዘግይታ ትከፈታለች፤ ብልጭታውም ይዘገያል። ባለቤቱ የሚያየው ግን የሞተሩ ዙር ቀስ በቀስ መውረዱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የካርቡሬተሩ ብሎን በየወሩ በትንሽ በትንሹ ይጠመዘዛል። ሁሉም ነገር የተስተካከለ እየመሰለ መኪናው እየሰነፈና እየጋለ ይሄዳል።

ክፍተቱ የሚለካው ተረከዟ በማዕዘኑ ጫፍ ላይ ስትቆም ነው፤ ልኬቱ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ድዌል (ዘንጉ ሲዞር ፑንቲናዋ ተዘግታ የምትቆይበትን ማዕዘን) የሚለካ መሣሪያ ያለው ሰው ከ44 እስከ 50 ዲግሪ ያስይዘው፤ ከስስ ብረቱ መለኪያ ይልቅ ይህ ይታመናል፤ ምክንያቱም ያረጀች ፑንቲና ፊቷ ሜዳ አይደለም። ጠጋ ብለው ቢያዩ በአንዱ ፊት ላይ ጉብታ፣ በሌላው ላይ ጉድጓድ ይገኛል። ስስ ብረቱ የሚለካው ከጉብታው ጫፍ ስለሆነ እውነተኛው ክፍተት ካነበቡት ይሰፋል። እንዲህ የሆነችን ፑንቲና በሞረድ እያሻሹ ዕድሜ ከማስቀጠል መቀየር ይሻላል። አዲሷ ስትገጠም ፊቷ ላይ የፋብሪካ ቅባት ይኖራል፤ ንጹሕ ወረቀት በመካከሏ አሳልፈው ይጥረጉት። በማዕዘኑ ላይ የምትቀባው ግራሶ ከስንዴ ቅንጣት አትብለጥ፤ ከበዛች ተረጭታ ፑንቲናዋን ታቃጥላለች።

ፑንቲና በአጭር ጊዜ ውስጥ ጠቁራ የምትቃጠል ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ ሲሠራ ውስጧ ወፍራም ሰማያዊ ብልጭታ የሚታይ ከሆነ ኮንደንሰሩን ይቀይሩ። ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አዲስ ኮንደንሰር ገጥሞ መኪናው የባሰበት ሰው አሮጌውን መልሶ ቢሞክር ነውር የለበትም፤ እንዲያውም በደህና የሠራን አሮጌ ኮንደንሰር ከመጣል መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ዲስትሪቢዩተሩ ክፍት ሳለ ሦስት ነገሮች አብረው ይታዩ። የመጀመሪያው የዘንጉ ጨዋታ ነው። የዘንጉን ጫፍ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት፤ የሚሰማ ጨዋታ ካለው ማቀፊያ ቡሹ አልቋል። እንዲህ ባለ ዲስትሪቢዩተር የፑንቲናው ክፍተት በአራቱ ማዕዘን አራት ዓይነት ነው፤ ምንም ያህል ቢለካ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ማለቱን አይተውም። ሁለተኛው ፑንቲናዋ የተቀመጠችበትን ሳህን ከዲስትሪቢዩተሩ አካል ጋር የምታገናኘው ስስ ሽቦ ናት። ሳህኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየታጠፈች ከውስጥ ትበጠሳለች፣ ከላይ ግን ጤነኛ ትመስላለች። ይመጣል ይሄዳል የሚባል፣ መካኒክ ፊት ሲደርስ የሚጠፋ በሽታ ብዙ ጊዜ የእሷ ነው። ሦስተኛው ከጎን ያለው የቫኪዩም ቆርቆሮ ነው፤ ቱቦውን በአፍ ሲስቡት ሳህኑ መንቀሳቀስና እንደተሳበ መቆየት አለበት። ከተመለሰ ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል።

ክዳኑን ገልብጠው በብርሃን ይመርምሩ። እንደ እርሳስ መስመር የቀጠነ ጥቁር ጭረት ካለ ኤሌክትሪኩ በዚያ እየሾለከ ነው፤ ክዳኑ ይቀየር። መካከሉ ላይ ያለችው የካርቦን ጫፍ በጣት ስትጫን ገብታ መመለስ አለባት። ክረምት ላይ፣ በተለይ ውኃ የሞላበት መንገድ ከተሻገሩ በኋላ የሚነሳ ችግር አብዛኛውን ጊዜ በደረቅ ጨርቅ ይድናል። የተሰነጠቀ ገመድ ደግሞ ማታ መብራት በሌለበት ቦታ ራሱን ያጋልጣል፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ በገመዱ ላይ ሰማያዊ ብልጭልጭታ ይታያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ብልጭታው አሁንም ደካማ ከሆነ ቦቢናው ላይ የሚደርሰውን ቮልት ይለኩ። ቁልፉ ክፍት፣ ፑንቲናዋ ተዘግታ ሳለ 15 ቁጥር ላይ የሚነበበው ከባትሪው ከአንድ ቮልት በላይ ማነስ የለበትም። ባትሪው 12.4 እያለ እዚያ 10 ከተነበበ ቦቢናው ተራበ እንጂ አልታመመም፤ ጥፋቱ ያረጀ ቁልፍ ወይም የዛገ መጋጠሚያ ነው። ልኬቱ ቶሎ ይለቅ፤ ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ለረጅም ጊዜ ከተከፈተ ቦቢናው ይግላል። በፑንቲና ምትክ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያስገቡ ሰዎችም ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ አንዳንዶቹ በዚህ ምክንያት ይቃጠላሉ።

ታይሚንግ የሚስተካከለው ፑንቲናው ካበቃ በኋላ ነው። ድዌሉ አንድ ዲግሪ ሲለወጥ ታይሚንጉም አንድ ዲግሪ ይሄዳልና። በብዙዎቹ የ1200፣ የ1300 እና የ1500 ሞተሮች ልኬቱ ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ በፊት ነው፤ ሁለት የቫኪዩም ቱቦ ባላቸው የኋለኞቹ ዲስትሪቢዩተሮች ግን ከጫፍ 5 ዲግሪ በኋላ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ሞተሩን ያንኳኳል ወይም ያሰንፈዋል፤ ስለዚህ የዲስትሪቢዩተሩ ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ይመሳከር። ለ7.5 ዲግሪው የሙከራ አምፖል ይበቃል። አንዱን ጫፍ ቦቢናው 1 ቁጥር ላይ፣ ሌላውን ብረት ላይ ያስሩ። ቁልፉ ክፍት ሆኖ ሞተሩን በእጅ ወደ ቀኝ ያዙሩና በፑሌጃው (ቺንጋውን በሚያዞረው ክብ ብረት) ላይ ያለውን ምልክት ከሞተሩ መካከለኛ ስፌት ጋር ያጋጥሙ፤ ሮተሩም በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ያለውን የ1ኛ ሲሊንደር ምልክት ይመልከት። ማሰሪያውን አላልተው ዲስትሪቢዩተሩን ቀስ ብለው ሲያዞሩ አምፖሉ የሚበራባት ቅጽበት ፑንቲናዋ የምትከፈትበት ናት፤ እዚያ ላይ ይሰር። በአንዳንድ ዲስትሪቢዩተሮች የ3ኛ ሲሊንደር ብልጭታ ሆን ተብሎ በጥቂት ዲግሪ እንዲዘገይ ተሠርቷል። የዘይት ማቀዝቀዣው አየር ስለሚከልልበት ያ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ ልዩነቱን አይቶ ዲስትሪቢዩተሩ ተበላሽቷል ማለት አይገባም።

ካርቡሬተሩ ተራው አሁን ነው። ዙሩ ከ800 እስከ 900 ይያዝ፤ 34 ፒክት 3 በሚባለው የሶሌክስ ካርቡሬተር ላይ ዙር የሚስተካከለው በትልቁ የጎን ብሎን ነው፣ በበሩ ማስቆሚያ አይደለም። አልስተካከል ካለ በድብልቅ መግቢያ ቱቦው መጋጠሚያዎች ላይ ጥቂት ውኃ ይርጩ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ በዚያ አየር ይገባል። ለዚህ ሥራ ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ በጋለ ሞተርና በሚያብለጨልጭ ገመድ መካከል ይህን ማድረግ እብደት ነው።

ካልሆነ የቀረው የእመቃ (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) መለኪያ ነው። ከዚያ በፊት የቫልቭ ክፍተቱ፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ፣ እንደ ሞተሩ ዓይነት በ0.10 ወይም በ0.15 ሚሊሜትር መያዙ ይረጋገጥ፤ የጠበበ ቫልቭ ሳይገጥም ይቀርና እመቃውን ያፈሳል። ሲለካ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ ከቦቢናው ወደ ክዳኑ የሚሄደው ገመድ ከብረት ጋር ይገናኝ፣ ነዳጅ መስጫው ሙሉ ይረገጥ። አዲስ አበባ ላይ የሚነበበው ቁጥር መጽሐፉ ላይ ካለው ዝቅ ማለቱ አያስደንግጥ፤ ከፍታው ነው። የሚፈለገው አራቱ መቀራረባቸው ነው። አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ከወረደ በዚያ ሲሊንደር ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ይለኩ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስቶን ቀለበቶቹ፣ ባለበት ከቀረ ቫልቩ ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው።